የሳር ትሪመር ራስ አመራረጥ፦ ድሬና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትሪመር ይዞ ግቢ የሚያጸዳ ሰው ሁሌ የሚጠይቃቸው ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የትሪመር ራስ የሚባለው የቱ ነው? ስንት ዓይነትስ አለው?

ታች የሚሽከረከረው፣ ሳሩን የሚነካው ክፍል ነው። ሞተሩ፣ ቱቦውና እጀታው እንዳለ ሆኖ እሱ ብቻ ይፈታና ይቀየራል። ገበያ ላይ በብዛት የምታዩት አራት ነው። አንዱ መሬት ላይ ቸብ ሲደረግ ክር የሚለቀው ነው፣ አብዛኛው ማሽን ከእሱ ጋር ነው የሚሸጠው። ሌላው ውስጡ ምንም ጥቅል የሌለው፣ ቁራጭ ክር በእጅ የሚሰካበት ነው። ሦስተኛው የሚወዛወዙ የፕላስቲክ ቢላዎች ያሉት ሲሆን አራተኛው የብረት ዲስክ ነው። ትንንሽ የኤሌክትሪክና የባትሪ ትሪመሮች ላይ ደግሞ ሳይነኩት ክሩን ራሱ የሚለቅ አለ።

ለኔ ግቢ የቱ ይሻለኛል?

ሰው ሁሉ ስለ ሳሩ ነው የሚያወራው፣ ወፍራም ነው፣ ረዥም ነው፣ ደርቋል ምናምን። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ከሳሩ ሥር ምን አለ ብዬ ነው፣ ድሬ ላይ ራሱን የሚመርጥላችሁ መሬቱ ነው። ከዚራ ውስጥ ያሉ የድሮ ግቢዎች አፈራቸው ለስላሳ፣ ሰርዷቸው የተስተካከለ ከሆነ ቸብ የሚደረገው የክር ራስ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሳቢያን በኩል ወይ አዲስ የተሠራ ሰፈር ከሆናችሁ ግን ከሳሩ ሥር ጠጠር አለ፣ ከግንባታ የቀረ ብሎኬት ስባሪ አለ፣ የሽቦ ቁራጭ አለ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ድንጋይ አለ። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ቸብ የሚደረገው ራስ ዕድሜ የለውም። ከታች ያለው ቁልፉ በጠጠር ይፈገፈጋል፣ አሸዋ ሞላው (ስፕሪንጉ) ውስጥ ይገባና ክር አልለቅም ይላል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ይለቃል። እዚህ ላይ ቁራጭ ክር የሚሰካበትን ራስ ግዙ። ሞላ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ክሩ ሲያልቅ ሞተር አጥፍቶ ጎንበስ ብሎ መሰካቱ ያሰለቻል፣ እሱን አልክድም፣ ግን በቀን ሦስቴ ጥቅል ከመፍታት ይሻላል።

የፕላስቲክ ቢላዎቹ ለስላሳ መሬት ላይ ያለ ቀጭን አረም በደንብ ይቆርጣሉ፣ ድንጋይ ካገኛቸው ግን ይሰበራሉ። ኮብልስቶን ዳር አታስቡት።

የክሩ ውፍረት ስንት ይሁን?

እሱ በሞተሩ ጉልበት ነው የሚወሰነው። ትንንሽ የባትሪና የኤሌክትሪክ ትሪመሮች ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለውን ይወስዳሉ። 25 ሲሲ አካባቢ ያሉት 2.4 ይመቻቸዋል። ብዙ ሰው እጅ ላይ ያሉት ባለ 43ና 52 ሲሲ ማሽኖች ከ2.7 እስከ 3 ድረስ ያለምንም ችግር ያሽከረክራሉ። የማሽኑ መመሪያ ካልጠፋ እሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከኔም ከሻጩም ይበልጣል።

ወፍራም ክር ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ አይደለም። ወፍራም ክር አየሩን ራሱ ለመቅዘፍ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፣ ሞተሩ ዙሩ ይወርድና ክላቹ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ሳሩም በመቆረጥ ፈንታ ይቦጨቃል። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበጣጥሶ፣ በማግስቱ ቢጫ ሆኖ ካያችሁት ወይ ዙሩ አንሷል ወይ ክሩ ለሞተሩ በዝቶበታል።

ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ኮከብ፣ የተጠመዘዘ... ልዩነት አለው ወይስ ለሽያጭ ነው?

ልዩነት አለው። ክቡ በቶሎ አያልቅም፣ ድንጋይና አጥር ዳር ይችላል። አራት ማዕዘኑና ኮከቡ ጠርዝ ስላላቸው ወፈር ያለ አረም ላይ ይበልጥ ይቆርጣሉ፣ ግን ጠርዛቸው ግድግዳ ሲነካ ወዲያው ያልቃል፣ ከዛ በኋላ በውድ የተገዛ ክብ ክር ናቸው። የተጠመዘዘው ድምፁ ይቀንሳል፣ እጅ ላይ ያለው ንዝረትም ለስለስ ይላል። ለድሬ ኮብልስቶንና አጥር ሥር ክብ ውሰዱ አበቃ።

ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ውስጥ ተጣብቆ አይወጣም። ራሱ ነው ችግሩ?

አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይደለም። ሁለቱ ነገር የተለያየ ነው ግን አንድ ላይ ነው የሚነገረው፣ እስቲ ለየብቻ እንያቸው።

የሚበጠሰው ስለደረቀ ነው። ናይሎን እርጥበት ይፈልጋል፣ እርጥበት ካለው ይተጣጠፋል፣ ከደረቀ ደግሞ ሲነካ ቀጭ ይላል። አሁን አስቡት፣ የድሬ ጸሐይ፣ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ወይ ሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ወራት ያሳለፈ ጥቅል። ሲገዛም ደርቆ ነው። መፍትሄው ነጻ ነው፣ የምትጠቀሙበትን ያህል ቆርጣችሁ ወይ ጥቅሉን እንዳለ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ንከሩት። ሰው ይስቃል፣ ግን ሞክሩት። ከዛ በኋላ ጥላ ቦታ አስቀምጡት።

የሚጣበቀው ደግሞ በሙቀት ነው። ጥቅሉ ላልቶ ከተጠመጠመ ክሮቹ ውስጥ ለውስጥ እየተፋተጉ ይግላሉ፣ በተለይ ጫፉ ደጋግሞ ድንጋይ ከመታ ንዝረቱ ወደ ውስጥ ይገባና ሁለቱ ክሮች ይቀላለጣሉ። ስትጠመጥሙ ጠበቅ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብ ሳይቆላለፍ፣ ጥቅሉ ላይ ያለውን ቀስት ተከትላችሁ። እስከ አፉ አትሙሉት። ሁለት መስመር ያለው ራስ ከሆነ ሁለቱን ክር ለየክፍላቸው ጠምጥሙ፣ ከተጠላለፉ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

ታይዋን ገበያ ገብቼ ያገኘሁትን ራስ ብገዛ ይገጥማል?

ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ይላችኋል። ግማሽ እውነት ነው። ወሳኙ ራሱ የሚገባበት ብሎን ነው። ብዙዎቹ የቻይና ባለ 43ና 52 ሲሲ ማሽኖች ኤም 10 (ውፍረቱ 10 ሚሊ) ሆኖ በጥርስና በጥርስ መሃል 1.25 ሚሊ ያለው ነው። ብዙ የስቲል (Stihl) ኩባንያ ማሽኖች ደግሞ ኤም 10 ሆነው 1.0 ናቸው። የሁስክቫርና ተለቅ ያሉት ኤም 12 ናቸው። ሁሉም ግራ ዞር ናቸው፣ ማለት ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ነው የሚጠብቁት።

1.25ቱና 1.0ው በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ማስመሪያ አስጠግታችሁ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ፣ 8 ከሆነ 1.25 ነው፣ 10 ከሆነ 1.0 ነው። ገበያ ስትሄዱ የድሮውን ራስ ወይ ዳዶውን በኪሳችሁ ያዙ። አዲሱን በጣት ብቻ ሞክሩት፣ ሁለት ዙር ሄዶ ቀጥ ካለ ያንተ አይደለም ማለት ነው፣ በቁልፍ አስገድዳችሁ ካዞራችሁት የማሽኑን ብሎን ጥርስ ትበሉታላችሁ፣ ያኔ ራስ ሳይሆን ጊርቦክስ ልትገዙ ነው። አንዳንዱ ራስ ከተለያዩ ማስገቢያዎች ጋር በካርቶን ይመጣል፣ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ።

የብረት ዲስክ ከሆነ ደግሞ መሃል ያለውን ቀዳዳ ለኩ። በብዛት 25.4 ሚሊ ነው፣ 20 የሆነም አለ።

የድሮው ራስ አልፈታ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እያጠበቃችሁት ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ ቱቦና ታች ጊርቦክስ ያላቸው ማሽኖች ላይ፣ ከታች ወደ ራሱ እያያችሁ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ነው የሚፈታው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፣ የሻማውን ኮፍያ ንቀሉ። ከዛ ከራሱ በላይ ያለውን ሮንዴላ ቀስ እያላችሁ በእጅ አዙሩት፣ እሱ ላይ ያለ ቀዳዳ ጊርቦክሱ ላይ ካለው ጋር ሲገጥም ብሩጎላ ወይ ቀጭን ካቻቢቴ አስገቡ፣ ያኔ ዘንጉ ይያዛል። አቧራና የሳር ጭማቂ ተጋግሮበት ቀዳዳው ላይታይ ይችላል፣ በሽቦ ጫር ጫር አድርጉት።

ብረት ዲስክ መቼ ነው የሚገባው? ስንት ጥርስ?

ክሩ ሲሸነፍ ብቻ። ሰው ማሽን በገዛ በሁለተኛው ቀን ብረቱን ይገጥማል፣ ካርቶን ውስጥ ስላገኘው መሰለኝ። ሰርዶ ለመቁረጥ ብረት አያስፈልግም፣ ጭራሽ የሚጎዳው መሬቱንና ዲስኩን ነው።

ባለ 3 ጥርሱ ለረዥምና ለጠንካራ ሳር፣ ለሸምበቆ መሳይ ነገር፣ ለቁጥቋጦ ጀማሪ ነው። ባለ 4ም እንደዛው ነው፣ ትንሽ ለስለስ ያለ። ባለ 40ና ባለ 80 ጥርሱ ግንድ ላለው፣ አውራ ጣት ለሚያህልና ትንሽ ከዛ ለሚበልጥ እንጨት ነው፣ አዝመራው ሲያልፍ አጥር ላይ የሚቀረው ቁጥቋጦ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ወራሪ ዛፍ ቅርንጫፍ ምናምን። ከዛ የወፈረውን በመጋዝ ቁረጡት። ፕሮሶፒስ ከላይ ቢታጨድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ትሪመር መንገድ ይከፍትላችኋል እንጂ አያጠፋላችሁም፣ ለማጥፋት ከመሬት በታች ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ነው። እሾሁ የጫማ ሶል እንደሚበሳ ደግሞ ለድሬ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ብረት ለመግጠም ማሽኑ ራሱ መፍቀድ አለበት። ቱቦው ወደ ታች የታጠፈው ዓይነት ውስጡ ተጣጣፊ ሽቦ ነው ያለው፣ ለክር ብቻ የተሠራ ነው፣ ብረት አይገጠምበትም። ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ጊርቦክስ፣ እንደ ብስክሌት ያለ ሁለት እጀታ፣ ማንገቻ እና ለብረት የሚሆን መከላከያ ሲሟላ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ከፍተኛ ዙር መብለጥ አለበት፣ ቁጥር ያልተጻፈበትን አትግዙ።

አቆራረጡም ይለያል። ከላይ ሆናችሁ ዲስኩን እንደ ሰዓት እዩት፣ ፊት ለፊታችሁ 12 ነው። ከ12 እስከ 3 ባለው ጠንካራ ነገር ከነካችሁ ማሽኑ በኃይል ይወረወራል፣ ሰውየውንም ይዞት ይዞራል። ከ8 እስከ 12 ባለው በግራ በኩል ቁረጡ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረጋችሁ።

የባጃጅ ፍሬን ሽቦ፣ የዓሣ ክር፣ የእንጨት መጋዝ ዲስክ ወይ ሰንሰለት ብገጥምስ?

አቦ ተው! ይሄ ጥያቄ በየክረምቱ ይመጣል፣ መልሱም በየክረምቱ አይሆንም ነው። ራሱ በደቂቃ 7,000 ዙር ቢዞርና ክሩ 40 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ቢሠራ ጫፉ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ናይሎን ሲበጠስ ቢነካ ያቃጥላል፣ የሽቦ ቁራጭ በዛ ፍጥነት ተበጥሶ ሲወጣ ግን ጥይት ነው። ሽቦ ደግሞ እየተጣጠፈ ሲደክም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚበጠሰው።

የብረት ሰንሰለት ያለው ራስ ገበያ ላይ ታገኛላችሁ፣ በኢንተርኔትም ቪዲዮው ያምራል። የሰንሰለት ቁራጭ ተወርውሮ እንግሊዝ አገር ሰው ከገደለ በኋላ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2012 እ.ኤ.አ. እርስ በርስ በተያያዙ ብረቶች የተሠራ የዚህ ዓይነት ራስ ገበያ ላይ እንዳይቀርብ አግዷል። እነሱ የከለከሉትን እኛ በርካሽ ገዝተን የምንሞክርበት ምክንያት የለም።

የእንጨት መጋዝ ዲስክ ደግሞ መሃሉ 25.4 የሆነ ስላለ ይገጥማል፣ አደጋውም እሱ ነው። የተሠራው ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ለሚሠራ ማሽን ነው፣ ድንጋይ ሲመታ ጥርሱ ይረግፋል። ቶርኖ ቤት ከላሜራ የሚቆረጠውም እንደዛው፣ ብረቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሚዛኑ ሳይጠበቅ። የዓሣ ክርን በተመለከተ፣ እውነት ነው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ባላስ የተባለ የሂዩስተን ሰው የመኪና ማጠቢያ ብሩሽ ሲሽከረከር አይቶ ትሪመርን ሲፈጥር የተጠቀመው ቆርቆሮ ላይ ያሰረው የዓሣ ክር ነበር። አሁን ላለው ሞተር ግን ቀጭን ነው፣ ደቂቃ አይቆይም።

መከላከያውን ብፈታው ክሩ ይረዝምልኛል፣ ሥራም ያፈጥናል። ችግር አለው?

ብዙ ሰው ይፈታዋል፣ ግን ሥራ አያፈጥንም። መከላከያው ሥር ያለችው ትንሽ ምላጭ ክሩን በልክ የምትቆርጠው ሞተሩ ሊያሽከረክረው የሚችለውን ርዝመት ስለምታውቅ ነው በሉት። ክሩ ሲረዝም ሞተሩ ይጫነዋል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ይግላል፣ ከዛ "ይሄ የቻይና ማሽን" ተብሎ ይሰደባል። ለድንጋዩም መንገድ ይከፈትለታል። መከላከያ እያለ ራሱ ጠጠር ይወረወራል፣ ስለዚህ ሰው በ15 ሜትር ውስጥ አይኑር፣ የቆመ ባጃጅና መኪናም ይራቅ። መነጽር ግዴታ ነው፣ የጸሐይ መነጽር አይቆጠርም።

ችግኝና ዛፍ ሥር ያለውን ሳር በየትኛው ራስ ልቁረጥ?

በየትኛውም አትቁረጡ፣ በእጅ ንቀሉት። ክር እንጨት አይቆርጥም ብሎ ሰው ይዘናጋል። የችግኝ ልጣጭ ስስ ነው፣ ክሩ ዙሪያውን አንዴ ከላጠው ምግብ ወደ ሥር የሚሄድበት መንገድ ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ከዛ ይደርቃል። ሰውየው ውሃ አነሰው ይላል። ለአረንጓዴ አሻራ ተተክለው የጸደቁ የኒምና የማንጎ ችግኞች ግንዳቸውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ እዩት፣ ነጭ ቀለበት ካለ ገዳዩ ትሪመር ነው።

ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ኮትኩታችሁ ደረቅ ሳር አልብሱት፣ ያኔ ትሪመሩ የሚጠጋበት ምክንያት አይኖርም። የግድ ካላችሁ የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ግንዱ ላይ አልብሱለት።

ፋረምሲሳን በትሪመር ማጨድ ይቻላል?

ፓርቲኒየም፣ እዚህ ሁሉም ሰው ፋረምሲሳ የሚለው፣ ክር በቀላሉ ይቆርጠዋል። ጣጣው ሌላ ነው። ክር ተክሉን ይፈጨዋል፣ ጭማቂውና ብናኙ ፊት፣ አንገት፣ ክንድ ላይ ይረጫል፣ ፋረምሲሳ ደግሞ ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቆስል፣ አስም ያለበትን ሰው አስሙን የሚያስነሳበት ተክል ነው። አንዴ ካሳከከው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። ረዥም እጅጌ፣ ጓንት፣ ማስክ፣ እና ባለ 3 ጥርስ ዲስክ፣ ምክንያቱም ዲስክ ከታች ቆርጦ ይጥለዋል እንጂ አይፈጨውም። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነና ክር ብቻ ከሆነ አማራጩ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ።

ጊዜው ነጩ አበባ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ አብቦ ከታጨደ እኛው በራሳችን ማሽን እየዘራነው ነው። ተቆርጦም ከሥሩ ይመለሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ቦታ ከሆነ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በጓንት መንቀል ይበልጣል።

ለከብትና ለፍየል መኖ የማጭደው በየቱ ነው?

በክር አይሁን። ክር አልፋልፋውን ይቦጫጭቀዋል፣ አፈር ይቀላቅልበታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እየተበጠሰ የሚቀረው ናይሎን መኖው ውስጥ ይገባና ከብት ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ዲስክ ነው። ለአልፋልፋና ለዝሆኔ ሳር ባለ 3 ወይ ባለ 4 ጥርስ፣ ለማሽላ አገዳ ባለ 40 ወይ ባለ 80። አገዳው ሲበዛ ወደ አንድ ጎን የሚያስተኛ፣ ዲስኩ ላይ የሚታሰር የሽቦ ደጋፊ አለ፣ ለሩዝና ለስንዴ አጨዳ የተሠራ ነው ግን ማሽላ ላይም ይረዳል። ዝሆኔ ሳር ላይ መሬት ድረስ አትውረዱ፣ ጉቶ ካልቀረለት መልሶ ለመውጣት ይቸገራል።

ድሬ ላይ ደህና የሚሠራው ማሽን ሐረር ስወስደው ለምን ጉልበት ያጣል? ራሱን ልቀይር?

ድሬ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ድሬ ላይ ራሱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሙሉውን የለም፣ ደንገጎን ስትወጡ ደግሞ ሌላ ሰባት ከመቶ ገደማ ይሄዳል። ድሬ ላይ 3 ሚሊ ክር እየታገለ የሚያሽከረክር ማሽን ሐረር ላይ ቢንገዳገድ አይገርምም።

ራሱን አትቀይሩ፣ ክሩን ወደ 2.7 ወይ 2.4 አውርዱት። አራት ክር የሚሰካበት ራስ ከሆነ ሁለቱን ብቻ፣ ፊት ለፊት ያሉትን፣ ሰኩ። አንዱን ብቻ ወይ ሦስቱን ከሰካችሁ ሚዛን ያጣል። ጭሱ ከበዛና ሻማው ከጠቆረ ደግሞ ካርቡሬተሩ ለስስ አየር ነዳጅ በዝቶበታል፣ መካኒክ ያስተካክለው፣ ድሬ ስትመልሱት ግን መልሶ መስተካከል አለበት፣ ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ስለሆነ ነዳጅ ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋልና ይነክሳል።

ሳሩ ከደረቀ በኋላ ብረት መጠቀም እሳት ያስነሳል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። ብረት ድንጋይ ሲመታ ብልጭ ይላል፣ ከጥቅምት በኋላ ያለው የድሬ ሳር ደግሞ ክብሪት ነው የሚጠብቀው። ደረቅ ሳር ላይ ክር ተጠቀሙ፣ ብረት ግድ ከሆነ በማለዳ ጤዛ ሳይለቅ፣ ውሃ አጠገብ ይዛችሁ። የጋለ ሞተር ደረቅ ሳር ላይ አታስተኙ፣ ነዳጅም ባዶ መሬት ላይ ወስዳችሁ ሙሉ። የሚያቃጥለው ብልጭታው ብቻ ሳይሆን የጋለው የጭስ ማውጫም ነው።

ዲስክ ከገጠምኩ በኋላ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ነው፣ ጊርቦክሱ ነው ወይስ አገጣጠሙ?

በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አገጣጠሙ በብዛት ጥፋተኛ ነው። የላይኛው ሮንዴላ መሃሉ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ክብ አለው፣ የዲስኩ ቀዳዳ እሱ ላይ ተሰክቶ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ወጣ ብሎ ዳዶው ከታሰረበት ዲስኩ ከመሃል ይስታል፣ ዓይን ላያየው ይችላል፣ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ማጣሪያው ይሄ ነው፦ ዳዶውን ሳታጠብቁ ዲስኩን በጣት ወደ ጎን ግፉት፣ ከተንቀሳቀሰ አልተቀመጠም ወይ ቀዳዳው 25.4 ሆኖ ሮንዴላው የ20 ነው።

ቀጥሎ ዲስኩ። ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ከጎበጠ ይታያል። ጥርሱ ሥር ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ጸጉር የምታህል ስንጥቅም ብትሆን ይጣላል፣ ብየዳም መዶሻም አይሆነውም። የሳላችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁ አንዱን ጥርስ ከሌላው የበለጠ በልታችሁት ይሆናል። ስትስሉ ለሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ሞረድ ጎትቱ፣ ከዛ ካቻቢቴ ላይ አንጠልጥሉት፣ ሁሌ አንዱ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ እሱን ትንሽ ቀንሱለት። ብዙዎቹ ባለ 3 ጥርሶች በሁለቱም በኩል የተሳሉ ናቸው፣ አንዱ ሲደንዝ ገልብጣችሁ መግጠም ትችላላችሁ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዲስኩን ፍቱና ዘንጉን በእጅ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ከላላ ወይ ሲዞር ክር ክር ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ጊርቦክሱ ጎን ላይ ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ ግሪስ ካላያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት፣ በ25 ሰዓት ሥራ አንዴ ትንሽ ይጨመራል፣ አሸዋ ውስጥ ከሆነ የምትሠሩት ቀደም ብላችሁ። ዳዶውንም ሳትረሱ፣ ውስጡ ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ነው፣ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ከሆነ መያዝ አቁሟል ማለት ነው፣ በተራ ዳዶ አትተኩት፣ የራሱን ግዙለት፣ ግራ ዞር ስለሆነ ታይዋንም ስትፈልጉ ማሽኑን ወይ የድሮውን ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ።